ደሳለችና ኳየር «ለ»

በየዓመቱ የምንጠራው እኛ ነን። ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ጉለሌ ውስጥ ኳየር እንደ ሚኒባስ ነው፣ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ይመጣል። ግን የዝማሬ ፌስቲቫሉ አዘጋጆች የልጆቹን ኳየሮች ሁሉ ከደረደሩ በኋላ ለመዝጊያው የሚደውሉት ለእኛ ለአሮጌዎቹ፣ ለኳየር «ለ» ነው። ካቻምና ጠሩን፣ አምና ጠሩን፣ ዘንድሮም ጠሩን። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ከድንኳኑ ጀርባ ሆኖ «ዛሬም እነዚህ ናቸው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አዎ፣ ዛሬም እነዚሁ ነን፤ ምን ይጠበስ? የታወቅንበትን የወንዙን መዝሙር ስንጀምር እሱው ራሱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንባው ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

ኢየሩ እባላለሁ። ዊንጌት አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የኳየራችንን ሰማያዊ ቀሚስም አንድ ጊዜ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሥራዬ ጎን መልቀቅ ብቻ ሆኗል። በተጠራን ቁጥር እህቶቼ ያንኑ ቀሚስ በፌስታል ይዘው ይመጡና «ኢየሩዬ፣ ትንሽ ልቀቂልኝ፣ ታጥቦ ነው የተሰበሰበው» ይሉኛል። እሺ፣ ውኃው ነው ጥፋተኛው። እኔም ከአልቶዎቹ፣ ከወፍራም ድምፅ ሴቶች ጋር ቆሜ ስዘምር መነጽሬን በአንድ እጅ፣ ወገቤን በሌላው ይዤ ነው፤ የወንዙንም መዝሙር ከድሮው ሦስት ደረጃ ዝቅ አድርገን ነው የምንዘምረው። ይህን ለማንም እንዳትናገሩ።

የማወራችሁ ግን ስለ ደሳለች ነው።

ደሳለች ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለው መንገድ ገባ ብሎ ቁርስ ቤት አላት። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ባሏ ሌሊሳ የሰቀለው ሰዓት፣ እሱም ሁልጊዜ ወደ ፊት የሚሮጥ። ሌሊሳ የታክሲ ሹፌር ነው፣ ሰዓቱም እንደሱ ይቸኩላል ብላ ታሾፍበታለች። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋወን የለበሱ ተማሪዎች ፉል ላይ ተደፍተው ይበላሉ። ከክፍለ ሀገር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ ሲገባ ግን ደሳለች በጠረኑ ታውቀዋለች መሰለኝ፣ ሳይጠይቅ ጨጨብሳውን ደርባ ታቀርብለታለች። ሰው ያስታመመ ራሱን መመገብ ይረሳል ትላለች። ቁመቷ ረጅም ነው፣ አጥንቷ ትልቅ፣ ሳቋ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ። ቀልድ ነግረሃት ሄደህ፣ ከኋላህ የገባው ሰው ነው ስትስቅ የሚያገኛት።

ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ደግሞ ታዜማለች። አፏን ሳትከፍት፣ በአፍንጫዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀጥ ይላል። የጠዋቷ ደንበኛዋ ነኝና ስንቱን አይቻለሁ።

ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኖቻችን በተከፈቱ ሰሞን ኳየር «ለ» ካሴት አውጥቶ ነበር። የወንዙን መዝሙር ያሳወቀው ያ ካሴት ነው፤ በመካከሉ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትዘምረው ሶሎ አለ። ያቺ ሴት ደሳለች ናት። ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። ካሴቱ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ከኳየሩ ወጣች፤ እኔ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደወጣች ስጠይቅ «አኩርፋ ነው» ተባልኩ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እሁድ እሁድ ግን ቀርታ አታውቅም። ከሁሉ ቀድማ ትመጣና በር አጠገብ ያለችው የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ሕዝቡ ሁሉ ከእኛ ጋር ሲዘምር እሷ ከንፈሯን ገጥማ ታዳምጣለች። ምን ዓይነት ኩርፊያ ነው ይሄ፣ ሠላሳ ዓመት የማይበርድ እያልኩ እገረም ነበር።

ያለ እሷ ሶሎውን ያልሞከርንበት መንገድ የለም። አንድ ዓመት ኪቦርዱ እንዲጫወተው ተደረገ፤ ሰው ሁሉ ማይክ የተቋረጠ መስሎት ሳውንድ የሚቆጣጠረውን ልጅ ማየት ጀመረ። በሌላ ዓመት መሪያችን ጋሽ ኢታና ራሳቸው ያዙት። ጋሽ ኢታና ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ደግሞ ወፍራም ባስ። የሴት ሶሎ በባስ ሲዘመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወንዙ ደረቀ። አምና ደግሞ እኔን ገፉኝ። ስለ አምናው አላወራም።

ዘንድሮ ከአዘጋጆቹ አንዷ፣ ሳምሪ የምትባል ፈጣን ልጅ፣ ስልኩን ትታ ልምምዳችን ላይ በአካል መጣች። እናቷ ልብስ ስታጥብ ያንን ካሴት እያስጮኸች እንዳሳደገቻት ነገረችን። ዘንድሮም መዝጊያው የእናንተ ነው አለች። ግን በቃ፣ ሰው የሚለምነን አንድ ነገር ነው፣ የወንዙን መዝሙር ካሴቱ ላይ እንዳለው፣ ከዚያችው ሴት ጋር። ካልሆነ ግን... እ... ለሌላ ኳየር መስጠታችን ነው አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ከበዳት።

ጋሽ ኢታና መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ሴትየዋ በፈቃዷ ከወጣች ብዙ ዘመን መሆኑን ተናገሩ። እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም። ጨጨብሳዋን በየጠዋቱ የምበላው እኔ ነኝ፣ እኔ እጠይቃታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠብቄ ነገሩን አፈረጥኩት። ደሳለች ምድጃውን አጠፋች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ኢየሩ፣ እኔ እኮ ታግጃለሁ» አለች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ፊቷን አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ፣ ካሴቱ በወጣ ዓመት፣ የአክስቷ ልጅ ሐመልማል ተዳረች። የሐመልማል ቤተሰቦች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው መንገድ ዳር ነው ቤታቸው። ሁለቱ ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ነው ያደጉት። ሰርጉ ላይ ከበሮው ሲመታ ደሳለች መታገሥ አቃታት፤ ከበሮውን ተቀብላ ዘፈነች፣ ትከሻዋንም ነቀነቀች። ከእኛ ሰዎች አንዱ እዚያ ነበር፣ ወሬውም ቀድሟት ወረደ። በዚያ ዘመን ዘፈን ማለት ትልቅ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ጋሽ ደበላ አስጠሯት፣ እሷም አጥፍቻለሁ ብላ አለቀሰች። በቀጣዩ እሁድ በጉባኤው ፊት ስሟ ተነሣ፤ ሽማግሌዎች እስኪጠሯት ድረስ ከዝማሬ አገልግሎት ታግዳለች ተባለ። ብዙ ጊዜ ይህ ለጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ይጠሩሃል፣ ይጸለይልሃል፣ ትመለሳለህ። ግን ጋሽ ደበላ ሥራ ተቀይረው ወደ ነቀምት ሄዱ፣ እዚያው ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያው ሰሞን ከኪራይ ቤት ወደ ራሷ አዳራሽ ተዛወረች፣ ሰውም ተደበላለቀ፣ ሽማግሌዎቹም ተቀያየሩ።

የሚጠራት ጠፋ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እሁድ እሁድ የኳየሩን ልብስ ከካፖርቷ ሥር ለብሳ ትመጣ እንደነበር ነገረችኝ። ድንገት ዛሬ ቢጠሩኝ ብዬ ነበር አለች። ይህን ስትናገር ፈገግ ብላ ነው። ጨጨብሳው ላይ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደሜ ፈላ።

ለምን አልጠየቅሽም ብዬ ጮህኩባት። የተቀጣ ሰው ቅጣቴ አለቀ ወይ ብሎ ይጠይቃል እንዴ፣ ያሳፍራል አለችኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ስንቱን ሰው አግዳሚ ላይ አስቀርቷል! መዘመር ትፈልጊያለሽ ወይ ስላት ግን አልተግደረደረችም። ድምፄ ሳይሄድ አንድ ጊዜ ብቻ ብቆም አለች። ነገር ግን ሾልኬ አልገባም፤ በሰው ፊት ታግጃለሁ፣ በሰው ፊት እጠራለሁ፤ ካልሆነ እዚሁ አግዳሚዬ ላይ ደህና ነኝ አለች።

በቀጥታ ጋሽ ኢታና ቤት ሄድኩ። ስነግራቸው ክው አሉ። እሳቸው ያኔ የኳየሩ መሪ ነበሩ፤ እገዳው ድሮ የተነሣ፣ ልጅቷ ግን ተቀይማ የቀረች መስሏቸው ኖሯል። የተቀየመ ሰው ይለመናል ወይስ ጊዜ ይሰጠዋል እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሠላሳ ዓመት አለፈ። እሷ መጠራትን ስትጠብቅ፣ እሳቸው መምጣቷን ሲጠብቁ፣ በየሳምንቱ በዚያች በር ጉንጭ ለጉንጭ ሰላም እየተባባሉ።

ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ቀረበ። ከእነሱ መካከል ሲላስ የሚባል አለ፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ልጅ እግር፣ ሥርዓት አዋቂ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን ሁሉ ነገር ስብሰባ ላይ እንዲያልቅ ይወዳል። ያኔ ዳይፐር ታጥቆ የነበረ ልጅ ስለ እገዳው ምን ያውቃል? ነገሩ በራሱ ጊዜ አልቋል፣ ዝም ብላ ትዘምር አለ። አምልኮው በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል፣ አንዲትን እህት ሠላሳ ዓመት ረሳናት ብለን ብንናገር ሰው ምን ይለናል? እያለ ተከራከረ። እኔ ስብሰባው ውስጥ ቦታ የለኝም፣ በር ላይ ነበርኩ፤ ይህን ስሰማ ግን ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ፣ ገባሁ። የዛሬ ልጆች መድረኩ እስኪሰበር ሲዘሉ ሃሌ ሉያ ትላላችሁ፣ እሷ በእህቷ ሰርግ አንድ ጊዜ ትከሻዋን ብትነቀንቅ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት አልኳቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ። እናስብበታለን አሉ። እናስብበታለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፌስቲቫሉ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። የቀረን እሁድ አንድ ብቻ ነው። ዓርብ ደረሰ፣ መልስ የለም። ደሳለችም ሽርጧን አጥብቃ ሥራዋን ቀጠለች፣ ማዜሙን ግን ተወችው።

ያን ጊዜ ነው ለሐመልማል የደወልኩት። ቁጥሯን ከሌሊሳ ተቀብዬ ነው። ሐመልማል ነገሩን ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ደሳለች ሙሽራይቱ ትከፋለች ብላ ደብቃታለች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከእንጦጦ ወርዳ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ዱብ አለች። ደሳለችን አንገቷን አንቃ አለቀሰች፣ ከዚያ ገፍታ አየቻት።

«በእኔ ሰርግ ምክንያት? እኔ እኮ ሰውየውን ፈትቼው ስንት ዘመኔ! ትዳሬ እንኳ ያንቺን ቅጣት ያህል አልቆየም።»

ያ የሚዘገየው የደሳለች ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ሐመልማልም ሳቀች፣ ነገሩን ያልሰማ አስታማሚ ሁሉ አብሮ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ፣ ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጀሁትን ቁጣ ረሳሁት።

እሁድ መጣ። ማስታወቂያ የሚነገርበት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ኢታና ወረፋቸው ሳይሆን ተነሡ። ሲላስ ስለ ፌስቲቫሉ የሚናገሩ መስሎት ማይኩን በደስታ አቀበላቸው። እሳቸው ግን የመጨረሻዋን አግዳሚ እያዩ ቆሙ። ስንት ዘመን ጠመኔ በያዘ እጃቸው ማይኩን አጥብቀው ያዙ።

«እህታችን ደሳለች፣ ሽማግሌዎች እስኪጠሩሽ ድረስ ተብለሽ ነበር። ዘገየን። ዛሬ ጠርተንሻል። እባክሽ ነይ።»

ከኳየሩ መቀመጫ ላይ ሆኜ በሩ ድረስ ይታየኛል። ደሳለች ብድግ አለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌሊሳ ደግፎ አስነሣት። በዚያ ረጅም መተላለፊያ ስትመጣ ነገሩን የሚያስታውሱ አሮጊቶች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ ምንም ያልገባቸው ልጆች ደግሞ ደስ የሚል ነገር መሆኑን ብቻ አውቀው እልልታውን ያቀልጡታል። ልንገራችሁና፣ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ተነሥቶ እጇን የያዘው ሲላስ ነው። የዩቲዩቡንም ነገር ረስቶት ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ቂሜን ጣልኩ።

ጸለዩላት። የምትናገሪው ካለሽ ተብሎ ማይክ ሲሰጣት ጥቂት አሰበች። ስለ ዘፈኑ ያኔውኑ ይቅርታ ጠይቄያለሁ አለች፤ እህቴ ተድራ ደስ ስላለኝ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ደግ አደረግሽ» አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ከዚያ ሳቁም እልልታውም ተደባለቀ። ጌታም የሳቀ ይመስለኛል።

በዚያ ሳምንት ተለማመድን። ደሳለች ጨዋ ናት፣ ሦስት ደረጃ ዝቅ ያልንበትን አልተቃወመችም፤ ለእኛ ብላ ዝቅ ብላ ዘመረች፣ በጣም ያምር ነበር፣ በዚሁ ያልቃል አልን።

ቅዳሜ ከሰዓት ዊንጌት በኩል ያለው ሜዳ ላይ ትልቁ ድንኳን ጢም ብሎ ሞላ። የልጆቹ ኳየሮች ዘለሉ፣ ጭሱ ወጣ፣ መብራቱ ተሽከረከረ። ሐመልማል ነጠላዋን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተሰይማለች። እኛ በሰማያዊ ቀሚሳችን፣ አንዳችን የአንዳችንን ክንድ ይዘን ደረጃውን ወጣን። ለደሳለች አዲስ ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ልኬቷን ስወስድ እንደ ልጃገረድ ቀጥ ብላ ቆመችልኝ። የወንዙን መዝሙር ጀመርን። ሕዝቡ ከመጀመሪያው ቃል አብሮን ነበር።

ወደ ሶሎው ስንደርስ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ መንደርደሪያውን ሊጫወት እጁን አነሣ። ደሳለች አልጠበቀችውም። ዓይኗን ጨፍና ገባችበት፤ በእኛ ዝቅ ባለ የአሮጌ ድምፅ አይደለም፣ ካሴቱ ላይ በነበረው፣ ላይ፣ እዚያ ከፍ ካለው ቦታ። ልጁ በድንጋጤ በኪቦርዱ ቁልፎች ሲያሳድዳት በጎን ዓይኔ አየሁት። ድምፅዋ ወፍሯል፣ እውነት ነው፣ ግን ምንም አልጎደለም። በየጠዋቱ ምድጃ ላይ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ ስታዜም የኖረችው ለካ ይህንኑ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትጥለው። ሶሎው አልቆ ሁላችንም መቀጠል ሲገባን ወዴት እንግባ? እሷ ካለችበት መውጣት አለብን። ወጣን! ቴነሮቹ ወንዶች የደም ሥራቸው ተገታትሮ፣ እኔ ቀሚሴ ብብቱ ሥር ጧ ሲል እየሰማሁ፣ ጋሽ ኢታና እንባቸው አገጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ ሽቅብ ወጣን። እንዲህ ዘምረን አናውቅም፤ በወጣትነታችንም ጭምር።

ሐመልማል ቆማ እልል ትላለች። የልጆቹ ኳየሮች ከመድረኩ ጎን ተኮልኩለው ስልካቸውን አንስተዋል። ጨርሰን ልንወርድ ስንል ሕዝቡ አላስወርድ አለን፤ ይደገም፣ ይደገም። ደገምነው። ሁለተኛው ላይ ድምፄ ተዘጋ፣ ቢሆንም አፌን መክፈቴን አልተውኩም።

ከመድረኩ ጀርባ ሳምሪ እያለቀሰች መጣች። ለከርሞ መዝጊያው የእናንተ ነው፣ አሁኑኑ ልያዝ አለች፤ የሌላ ቦታ አዘጋጆችም ቁጥር እየጠየቋት ነው። የጋሽ ኢታና ስልክ ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው ብላ አቤቱታ አቀረበች። ጋሽ ኢታና ሳቁ። ከእንግዲህ ኳየር «ለ»ን የሚፈልግ ለእሷ ይደውል ብለው የደሳለችን ቁጥር ሰጧት፣ በቃላቸው። ቁጥሯን ያወቁት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት ቁርስ ቤቱ ጢም ብሏል። ደሳለች ሁለት እጇ ሊጥ ውስጥ ነው፣ እያዜመች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም፤ አንስቼ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። አንድ ሰው የኳየር «ለ» ተወካይ መሆኗን ጠየቃት፣ ከዚያም ልንጠራችሁ ነበር ሲል ለእኔም ተሰማኝ።

«እንመጣለን» አለች።

ሰውየው አመስግኖ ዘጋ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ደሳለች ወደ ሊጧ ተመለሰች፣ ጥቂት አቦካች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለመሆኑ የት ነው የጠሩን?»